የድሮው የለገሃር–አዋሽ ሐዲድ በሲሙሌተር፦ ካርታውና የመሬቱ ከፍታ ለምን አልገጥም አሉ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የድሮውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከለገሃር እስከ አዋሽ ኦፕን ሬይልስ በተባለው የባቡር ሲሙሌተር እየሠራሁ ነው። የኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር የተለካ) የመሬት ከፍታ ጫንኩ፣ የሳተላይት ምስል ከላይ አለበስኩ። ምስሉን ተከትዬ ሐዲድ ሳነጥፍ ግን ባቡሩ እየዘለለ ይሄዳል፤ አንዳንድ ቦታ አቀበቱ ከ100 በሺህ (በ1,000 ሜትር 100 ሜትር) ያልፋል። ስካን አድርጌ ያስገባሁት የድሮ የወረቀት ካርታ ደግሞ ከሳተላይቱ በጣም ራቀ። የአዋሽ ድልድይ ያለበት ገደልም ለስላሳ ሸለቆ መስሎ ወጣ። ስህተቱ ከፋይሉ ነው ወይስ ከእኔ?»

ፋይሉ አልተበላሸም፤ እርስዎም ሲጭኑት የተሳሳቱ አይመስለኝም። ችግሩ ፋይሉ ውስጥ የሌለ ነገር ከፋይሉ መጠበቅዎ ነው። የከፍታ መረጃ መሬቱ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወርድ ይናገራል። ሐዲዱ በስንት ሜትር ከፍታ እንደሚያልፍ ግን አያውቅም። ያንን የወሰነው መሐንዲሱ ነው፤ ጉብታውን ቆርጦ፣ ዝቅታውን ሞልቶ፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት፦ መጀመሪያ የሐዲዱን ከፍታ ለብቻው ይወስኑ፣ መሬቱ ከዚያ በኋላ ለሐዲዱ ይታዘዝ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዝላዩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የኤስአርቲኤም መረጃ የተሰበሰበው በፌብሩዋሪ 2000፣ ኢንደቨር በተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ላይ በተገጠመ ራዳር፣ በ11 ቀን በረራ ነው። ዛሬ የሚያወርዱት ፋይል በየ30 ሜትሩ ገደማ አንድ የከፍታ ነጥብ አለው። አፍሪካ በዚህ ጥራት መለቀቅ የጀመረችው በ2014 ነው፤ የቆዩ መመሪያዎች ስለ 90 ሜትር ብቻ የሚያወሩት ለዚህ ነው። ሲታቀድ የተፈቀደለት የከፍታ ስህተት 16 ሜትር ነበር። በተግባር ከዚያ በብዙ ይሻላል፤ ቢሆንም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጥቦች ሜዳ ላይ እንኳ በሁለት በሦስት ሜትር ቢለያዩ የሚገርም አይደለም። አሁን ያስሉት፦ 3 ሜትር ለ30 ሜትር ሲካፈል 100 በሺህ ነው። ያ አስፈሪ አቀበት ይኸው ነው።

በዚያ ላይ ራዳሩ ያየው ባዶ መሬት ብቻ አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ካለ የሚመለሰው ምልክት ከቅርንጫፎቹ መካከል ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ ከጣሪያ ላይ። ከለገሃር እስከ አቃቂ ባለው ክፍል ያገኟቸው ጉብታዎች ብዙዎቹ ቤቶችና ዛፎች ናቸው። ይህን ለማረጋገጥ ሲሙሌተር አያስፈልግም፤ ምስሉን ከፍታው ላይ አልብሰው ይዩት። ጉብታው የባህር ዛፉን ድንበር ተከትሎ ከቆመ ጉብታ አይደለም።

በአንጻሩ እውነተኛው መስመር ምን ያህል ልዝብ እንደሆነ ይገምቱ። ለገሃር 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ አዳማ 1,620 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው ሐዲድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ አማካይ ተዳፋቱ 7 በሺህ ገደማ ነው። በእርግጥ አንዳንዱ ቦታ ከአማካዩ በጣም ይከብዳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ወደ ኋላ ይወጣል። ቢሆንም በመንኮራኩርና በሐዲድ ሰበቃ ብቻ የሚጎተት ባቡር 100 በሺህ ሸክሙን ይዞ አይወጣም። መስመሩን የሚሠሩበት ኤዲተር እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያሳይዎት ስለ አገሩ ሳይሆን ስለ መረጃው ግርግር እየነገረዎት ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ስሌት ይወጣል። የ3 ሜትር ስህተት በ30 ሜትር ርቀት ላይ መቅሠፍት ነው፤ በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ግን 0.3 በሺህ ብቻ ነው፤ ባቡር ነጂ አይሰማውም። እንግዲያው ከፍታውን ከየነጥቡ አይውሰዱ፤ ከሩቅ ለሩቅ ከተመረጡ ጥቂት መልሕቆች ይውሰዱ። ምርጦቹ መልሕቆች ጣቢያዎቹ ናቸው፦ ለገሃር፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። ጣቢያ የሚሠራው ሜዳ ላይ ነው፤ የቆመ ፉርጎ እንዳይንሸራተት ሐዲዱም ደልዳላ ይደረጋል። በእያንዳንዱ ጣቢያ ዙሪያ ከባዶ ሜዳው ላይ ሃያ ሠላሳ ያህል ነጥብ ያንብቡ፣ ዛፍና ጣሪያ ላይ የወደቁትን ያውጡ፣ ከቀሩት መካከለኛውን ይውሰዱ። የጣቢያውን ከፍታ በዚህ ያጽኑት።

ከዚያ ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ፕሮግራም ይክፈቱ። ከ3.26 ጀምሮ የከፍታ ቁራጭ የሚያሳይ መሣሪያ አብሮት ይመጣል። የሐዲዱን መስመር ይስጡትና መሬቱ የሚሠራውን የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር ይመልከቱ። በዚያ ላይ በእጅዎ ረጃጅም ቀጥ ያሉ መስመሮችን ያስምሩ፦ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ፣ መሬቱ በግልጽ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ብቻ እየሰበሩ። ለሥራ እንዲመች 25 በሺህን ጣሪያ አድርገው ይያዙ፤ መስመርዎ ከዚያ ካለፈ ወይ መልሕቁ ስቷል፣ ወይ ኩርባ ዘለዋል። ተዳፋቱ ሲቀየርም በአንድ ነጥብ ላይ አይሰበር፤ ለውጡን በተከታታይ የሐዲድ ቁራጮች ላይ ያከፋፍሉት፤ አለዚያ ፉርጎዎቹ መጋጠሚያው ላይ ሲናጡ ያያሉ።

መስመሩ ከመሬቱ በታች የሚያልፍበት ቦታ ቆረጣ ነው፤ በላይ የሚያልፍበት ሙሌት ወይም ድልድይ። እዚህ ላይ ሳተላይቱ ምስክር ሆኖ ይገባል፤ የቆረጣ ጥላ በጠዋት ምስል ላይ በደንብ ይታያል። የከፍታ ቁራጩ ቆረጣ አለ ሲል ምስሉ ላይ ጥላ ከሌለ፣ የሚታረመው የእርስዎ መስመር ነው እንጂ ምስሉ አይደለም። ሁሉም ሲስማማ ብቻ ሐዲዱን በዚያ ከፍታ አንጥፈው፣ መሬቱን ወደ ሐዲዱ የሚያስጠጋውን የኤዲተሩን ትእዛዝ ይጠቀሙ። ኦፕን ሬይልስ ከማይክሮሶፍት ትሬይን ሲሙሌተር በወረሰው መሬት ላይ በየ8 ሜትሩ አንድ ነጥብ አለ፤ ትሬይንዝ የተባለው ሌላው ሲሙሌተር በተለመደው መሬቱ 10 ወይም 5 ሜትር ይሰጣል። ይህ ለሙሌት ጎንና ለቦይ ይበቃል። ነገር ግን ከ30 ሜትር መረጃ የመጣ 8 ሜትር አዲስ እውቀት የለውም፤ በነጥቦቹ መካከል የተጎተተ ግምት ነው። ሐዲዱ አጠገብ ያለውን ዝርዝር የሚያመጡት እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ግን አያድርጉ፦ ኩርባዎቹን አያቃኑ። ይህ መስመር በ1897 ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 የደረሰ፣ ስፋቱ 1,000 ሚሊ ሜትር የሆነ ሐዲድ ነው። ጠባብ ሐዲድ ጠባብ ኩርባ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ጉብታ ሲያጋጥመው መቁረጡን ትቶ መዞሩን ይመርጣል። የመስመሩ መልክ ያለው እዚያ ነው። የኩርባውን ራዲየስ ከምስሉ ለማግኘት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፣ ከመስመሩ መካከል እስከ ሐዲዱ ያለውን ርቀት ይለኩ። የመስመሩን ርዝመት በራሱ አባዝተው ለስምንት እጥፍ ርቀቱ ያካፍሉ፣ የርቀቱን ግማሽ ይጨምሩበት። መስመሩ 200 ሜትር፣ ርቀቱ 20 ሜትር ቢሆን 250 ሲደመር 10፣ ራዲየሱ 260 ሜትር ነው። ከዚያ በጣም ቅርብ የሆነውን የሐዲድ ቁራጭ ይመርጣሉ። ቁራጮቹ የ1,000 ሚሊ ሜትር መሆናቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በብዛት የሚገኙት የ1,435 ናቸው።

ወደ ወረቀቱ ካርታ ልምጣ። ያስገቡት በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የታተመው 1፡50,000 ከሆነ፣ ምን እንደተፈጠረ ሳላየው መናገር እችላለሁ። እነዚያ ካርታዎች የተሳሉት አዲንዳን በሚባለው የመነሻ ሥርዓትና በክላርክ 1880 የምድር ቅርጽ ላይ ነው። ሳተላይቱ፣ ከፍታውና ስልክዎ ግን የሚናገሩት ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። የሁለቱ የዩቲኤም (ቦታን በሜትር የሚቆጥረው የካርታ ፍርግርግ) ቁጥሮች በእኛ አካባቢ ወደ ምሥራቅ 95 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን 205 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። የአዲንዳንን ቁጥር እንደ ደብሊውጂኤስ ቁጥር ከወሰዱት ካርታው በሙሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ220 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። የእርስዎም ወደዚያው ሸሽቶ ከሆነ ነገሩ አለቀ።

ምስሉን በእጅ እየገፉ ለማስገጠም አይሞክሩ። አንድ ቦታ ሲገጥም ሌላ ቦታ ይከፈታል። ስካን የተደረገ ካርታን በቦታው በሚያስቀምጠው የኪውጂአይኤስ መሣሪያ፣ በጂኦሪፈረንሰር ውስጥ፣ ሥርዓቱን አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ብለው ይምረጡ፤ መለያ ቁጥሩ 20137 ነው። መቆጣጠሪያ ነጥቦችን መንገድና ቤት ላይ ሳይሆን ካርታው ላይ በታተመው የኪሎ ሜትር ፍርግርግ መገናኛዎች ላይ ያኑሩ፤ ቁጥራቸው ጠርዙ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ወደ 32637፣ ማለትም ደብሊውጂኤስ 84 ዞን 37 ሰሜን ያስቀይሩት። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ፍጹም አይገጥምም፤ በ1፡50,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 25 ሜትር ነው፤ ወረቀትም ይለጠጣል። ስለዚህ ሥራውን ይከፋፍሏቸው። ሐዲዱ በየት በኩል ያልፋል የሚለውን ሳተላይቱ ይመልስ። የጣቢያ ስም፣ የድሮ ወንዝ ስም፣ ድልድይ ያለበትና የሌለበት፣ ሳተላይቱ ላይ የጠፋ ቅርንጫፍ ሐዲድ፣ እነዚህን ወረቀቱ ይንገርዎት። የከፍታ መስመሮቹም መልሕቆችዎን ለማመሳከር ይጠቅማሉ።

ሳተላይቱና ከፍታው እርስ በርሳቸው መግጠማቸውን ለመፈተን ከቢሾፍቱ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከከፍታው የጥላ ምስል ያውጡ፣ ሳተላይቱን በግማሽ አሳልፎ እንዲያሳይ አድርገው ያልብሱት፣ የሆራንና የቢሾፍቱን ሐይቅ ጠርዞች ይመልከቱ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ስለሆኑ ጠርዛቸው ክብና ስለታም ነው፤ በየትኛው አቅጣጫ ስንት ሜትር እንደሳተ ወዲያው ይለዩታል። ከአንድ የከፍታ ነጥብ ያነሰ ልዩነት ካለ ይተዉት። ወደ ኤዲተሩ ሲመለሱ ደግሞ መስመሩን በኬክሮስና ኬንትሮስ ይስጡት እንጂ በዩቲኤም አይስጡት፤ ኦፕን ሬይልስ የራሱ የካርታ አጣጣል ስላለው ቲኤስአርኢ የተባለው የመስመር መሥሪያ ኤዲተር ራሱ ይቀይርልዎታል። በትሬይንዝና ካርታና ከፍታ በሚያስገባለት ትራንስዴም የሚሠሩ ግን በዩቲኤም ይቆያሉ። እነሱ መስመሩን ወደ ጅቡቲ ካራዘሙት 42ኛው ዲግሪ ላይ፣ ድሬዳዋን እንዳለፉ፣ ዞን 37 አልቆ 38 እንደሚጀምር ያስታውሱ።

ጥያቄዎ ውስጥ ያልጠቀሱት፣ ግን የሚያሳስበኝ ነገር ዘመኑ ነው። ያለበሱት ምስል የዛሬን ያሳያል፤ የሚሠሩት መስመር ግን የትናንት ነው። ከለገሃር የሚወጣው የድሮ ሐዲድ ከተማው ውስጥ በግንባታና በመንገድ ሥር የጠፋበት ቦታ አለ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2014 ተከፈተ፤ አዲሱ የ1,435 ሚሊ ሜትር ባቡር በ2016 ተመረቀ። አዲሱ ሐዲድ ልክ የድሮውን ተቃራኒ ነው፤ ከመዞር ይልቅ በረጅም ሙሌትና ድልድይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከላይ ሲታይ ጎልቶ የሚወጣው እሱ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ ከተባለው ነጻ ካርታ መስመሩን ካወረዱ የሐዲድ ስፋቱን ይመልከቱ፤ 1000 የሚለው የእርስዎ ነው፣ 1435 የሚለው አይደለም።

ለከፍታውም ይኸው ይሠራል። ኮፐርኒከስ የሚባለው ነጻ የ30 ሜትር መረጃ ከኤስአርቲኤም ይጠራል፤ ስሕተቱም ያነሰ ነው። ነገር ግን መሠረቱ ከ2011 እስከ 2015 የተነሳ የራዳር ምስል ነው፤ የፍጥነት መንገዱና የአዲሱ ባቡር ቁፋሮ በሚካሄድበት ዘመን ማለት ነው። ኤስአርቲኤም ግን የ2000ን መሬት ነው የያዘው፤ ምንም አልተነካም። ስለዚህ አዲሱ ሥራ ከድሮው መስመር ጋር በሚቀራረብበት ቦታ ሁሉ እኔ ብሆን አሮጌውን፣ ወይም በ2020 ተጣርቶ የወጣውን ናሳዴም የተባለውን እትሙን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው «አዲሱ ይሻላል» ይላል፤ ለአዲሱ ባቡር ይሻላል፣ ለድሮው አይሻልም። አዋሽ ገደል ላይ ብቻ ኮፐርኒከስን ይውሰዱ። ሁለቱን ሲያጣምሩ የከፍታ መነሻቸው አንድ ስላልሆነ (አንዱ ኢጂኤም 96፣ ሌላው ኢጂኤም 2008) መገናኛው ላይ ደረጃ እንዳይሠሩ አንዱን ወደ ሌላው ቀይረው ያዋህዱ።

መተሐራ ላይ ደግሞ ውኃው ራሱ ተንቀሳቅሷል። በሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ብዙ እጥፍ ሰፍቶ እስከ ሐዲዱና እስከ አስፋልቱ ደርሷል። የዛሬውን ምስል አምነው የውኃ ገጽ ካስቀመጡና ባቡሩን የ1960ዎቹ ሎኮሞቲቭ እንዲጎትተው ካደረጉ፣ ያልነበረ ሐይቅ እያቋረጡ ነው። ለዚያ ዘመን ኮሮና የተባሉትን የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ፎቶዎች ይፈልጉ፤ ከ1960 እስከ 1972 የተነሱ ናቸው፣ በ1995 ምስጢርነታቸው ተነስቶላቸዋል፣ በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጽ ይገኛሉ። ፎቶዎቹ ወደ ጠርዛቸው ስለሚጣመሙ አንድን ሙሉ ፊልም አንድ ላይ ከማስገጠም ይልቅ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ቆርጦ ማስገጠም ይቀላል።

የአዋሽ ገደል የለሰለሰው ለምንድን ነው? የኤስአርቲኤም ነጥቦች በ30 ሜትር ቢራራቁም እያንዳንዱ የሚይዘው ከዚያ ሰፋ ያለ ቦታ አማካይ ነው። አፋፉና ግርጌው በአንድ ነጥብ ውስጥ ሲደመሩ ቀጥ ያለው ግድግዳ ተዳፋት ይሆናል፤ ገደሉ ላይ ጋቢ እንደተጣለበት ቅርጹ ይታያል እንጂ ጠርዙ አይታይም። ጠባብ ገደል ደግሞ ከራዳሩ ጥላ ሥር ይወድቃል፤ ከዚያ የወጣ ቁጥር ከጎረቤት የተሞላ ሊሆን ይችላል። ይህ በየትኛውም ማጣሪያ አይመለስም፤ በእጅ ይሠራል። የሁለቱን አፋፍ መስመር ከሳተላይቱ ይከተሉ፤ ከመስመሩ ውጭ ያለውን መሬት ከገደሉ ርቀው ባነበቡት የሜዳ ከፍታ ያስተካክሉ፤ ከታች ደግሞ ወንዙን በመረጃው ውስጥ ባገኙት ዝቅተኛ ቁጥር ያስኪዱ። በ8 ሜትር ፍርግርግ ላይ እውነተኛ ቀጥ ያለ ግድግዳ ስለማይገኝ ፊቱን በድንጋይ ቅርጾች ይሸፍኑት። ከሁሉ በላይ፣ መሬቱን ወደ ሐዲድ የሚያስጠጋውን ትእዛዝ ድልድዩ ላይ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ገደሉን በአንድ ጠቅታ ሞልቶ ድልድይዎን የአፈር ክምር ላይ ያስቀምጠዋል።

የትኞቹን ፋይሎች እንደሚፈልጉም ያስተውሉ። እያንዳንዱ ፋይል አንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ሲሆን በደቡብ ምዕራብ ጥጉ ይሰየማል። የመስመርዎ ሁለት ጫፎች፣ ለገሃርም አዋሽም፣ 9ኛው ዲግሪ አፍ ላይ ናቸው፤ ለገሃር ከዲግሪው መስመር ትንሽ ወደ ሰሜን፣ አዋሽ ትንሽ ወደ ደቡብ። ስለዚህ ሰሜን 8 ምሥራቅ 38፣ 39 እና 40 ብቻ ካወረዱ ለገሃር ራሱ ይጎድልብዎታል፤ አዋሽ ጣቢያ ላይ ቆመው ወደ ሰሜን ሲመለከቱም መሬቱ ድንገት ያልቃል። ሰሜን 9 ላይ ያሉትን ሦስቱንም ይጨምሩ። ፋይሉ ውስጥ 32768 ከመቀነስ ምልክት ጋር ካገኙ ባዶ ቦታ ማለት ነው፤ ሳይሞሉት ከጫኑት ጥልቅ ጉድጓድ ይሆናል።

ስፋቱን በተመለከተ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር በዝርዝር ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ግን መሬቱን አይቁረጡት፤ ከቢሾፍቱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዝቋላ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይታያል፤ ዱከም ላይ የረር ከአጠገብዎ ነው፤ መተሐራ ላይ ፈንታሌ። ያለ እነሱ መንገዱ የትም አገር ሊሆን ይችላል። ኦፕን ሬይልስ ለሩቅ ተራሮች የተለየ ሸካራ መሬት ስለሚቀበል የ90 ሜትሩን መረጃ ለዚያ ይጠቀሙበት። ፈንታሌ ግርጌ ያለውን የጥቁር ድንጋይ ሜዳም በሣር ቀለም አይቀቡት፤ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ የረጋበት ነው።

ሥራውን ለሌሎች ሲያካፍሉ ያለበሱትን የሳተላይት ምስል ከጥቅሉ ያውጡት። የንግድ ካርታዎች ምስላቸውን በጅምላ ማውረድና ማሰራጨት አይፈቅዱም፤ ለመሥሪያ መመሪያነት ማየትና በፋይል ውስጥ አትሞ መስጠት የተለያዩ ናቸው። ከሥራው ጋር ምስል መሄድ ካለበት የአውሮፓው ሳተላይት የሴንቲነል 2 ባለ 10 ሜትር ምስል ነጻ ነው። የኦፕን ስትሪት ማፕ መስመር ከተጠቀሙ ደግሞ ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ነው።

አሁን ያነጠፉትን ሐዲድ ማዳን ይቻላል ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ ከሞጆ እስከ አዳማ ያለውን ብቻ አንስተው በመልሕቅ ዘዴው እንደገና ያንጥፉት። አጭር ነው፣ ሁለቱም ጫፎች ሰፊ ሜዳ ላይ ናቸው፣ ከተማ ውስጥ ያለው ጣጣም የለበትም። የሸክም ባቡር በሁለቱም አቅጣጫ ይንዱበት። ከወደዱት ወደ ወለንጪቲ ይቀጥሉ፤ ለገሃርን ለመጨረሻ ያቆዩት።